እጅ ሲጠየቅ

መስከረም 20

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ቤትዎ ይግባ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ጎረቤቱም ጭምር እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ክፍሌ ጠባብ ብትሆንም መስኮት አላት፤ ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ እዚያው አነባለሁ፣ እዚያው እበላለሁ።

ዛሬ ግን ለሰላምታ ብቻ አልጻፍኩም፤ ልመና አለኝ። እስከ ዛሬ የምማረው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የሰው ልብና አእምሮ» እያልኩ እገላገል ነበር። እርስዎም «እሱን ለመማርማ ባሕር መሻገር ምን አስፈለገ፣ ሰው እዚህም ሞልቷል» ይሉኝ ነበር። አሁን በትክክል ልንገርዎት። የእኛ ክፍል የሚያጠናው ሰው ሥራውን አሳምሮ የሚሠራው መቼ እንደሆነ፣ መቼስ እንደሚበላሽበት፣ ይህንንም በምን መለካትና እንዴት ማሻሻል እንደሚቻል ነው። ኳስ ተጫዋች ይመጣል፣ ሙዚቀኛ ይመጣል፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ይመጣል። አንዳንዱ ልምምድ ላይ አንደኛ ሆኖ ሰው ፊት ሲቆም እጅ እግሩ ይተሳሰራል። እኛ ምክንያቱን እንፈልጋለን።

ለመመረቂያ ጽሑፌ በእጃቸው ሥራ የተካኑ ሰዎችን ቃል እየሰበሰብኩ ነው። ፀጉር አስተካካይ፣ ሰዓት ጠጋኝና የአምቡላንስ ሹፌር አግኝቻለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የእርስዎን እፈልጋለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ክሬን ላይ ሆነው በሰው አናት ላይ ብረት ሲያሳልፉ የማንንም ፀጉር አልነኩም። ከሥራ ሲመለሱ እጅዎ ምን ሲያደርግ እንደዋለ ይጻፉልኝ። የትኛው እጅ ይቀድማል? እጀታውን ምን ያህል ይገፉታል? ዓይንዎ የት ነው? እርስዎ ኢምንት የሚሉት ነገር ለእኔ ትልቅ ነው።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅዎት።

ያሳደጉት ልጅዎ


ጥቅምት 8

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፤

እንደምን ነህ አንተ? ዕድሜህ ይርዘም፣ ድስትህ አይረርብህ፣ መስኮትህም ፀሐይ አይጣ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ የስፌት መኪናውን አስጠግኖ ቀኑን ሙሉ ሲያንደቀድቅ ይውላል፤ እኔም ጉልበቴ መሰላሉ ላይ ሲያጉረመርም እየሰማሁ እወጣለሁ።

ደብዳቤህን ለጡሩንባ አነበብኩለት። ጡሩንባ ማለት መሬት ላይ ቆሞ በእጅ ሬዲዮ «አንሳ፣ አውርድ፣ ቁም» የሚለኝ ምልክት ሰጪያችን ነው። ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው፤ ያለ ሬዲዮም ይሰማል። «እትዬ፣ መጽሐፍ ውስጥ ልትገቢ ነው፤ እኔንም በአንድ መስመር አስገቢኝ» አለኝ። ይኸው አስገባሁት።

አሁን የምንሠራው ሆስፒታል ነው። ክሬኑ ላይ የምቀመጥባት ካቢን ከስልክ ማናገሪያ ቤት ብዙም አትሰፋም፤ ወንበሩ ላይ ባለቤቴ የሰፋልኝ ትራስ አለ። በግራና በቀኝ ሁለት እጀታዎች አሉ። ግራው የክሬኑን ክንድ ያዞራል፤ ክንዱ ላይ የምትንሸራተተዋንም ጋሪ ወደፊትና ወደኋላ ይወስዳል። ቀኙ ገመዱን ያወርዳል፣ ይስባል። እንግዲህ ጭነት ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ መወዛወዙ አይቀርም። ጀማሪ የሆነ እንደሆነ ደንግጦ ወደኋላ ይጎትተዋል፤ ያን ጊዜ ይብስበታል። የለመደ ሰው ግን ጭነቱ ወደ ሸሸበት ይከተለውና ጥግ ሲደርስ ከአናቱ ላይ ይጠብቀዋል፤ ጭነቱም ይረጋል። ከተቆጣ ሰው ጋር እንደ መሄድ ነው፤ አብረኸው ትሄዳለህ፣ ሲደክመው ይቀመጣል።

ይህችን ለመጻፍ ጠረጴዛው ላይ እጄን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀስኩ ማየት ነበረብኝ። ባለቤቴ «ምን ሆነሻል?» ቢለኝ «ምሁር እያስተማርኩ ነው» አልኩት። ሌላም የምትፈልገው ካለ ጠይቀኝ። አንተ ለምነኸኝ እምቢ ያልኩህ ቀን የለም፤ አሁንም አልጀምርም።

ምርቃቴ ይከተልህ።

አክስትህ


ጥቅምት 25

ለውድ እትዬ፤

ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ለመምህሬ ተርጉሜ አሳየኋት፤ ሁለት ጊዜ አንብባ «ይህችን ሴት እንዳታጣት» አለችኝ። ኩራቴን ምን ልበልዎት። ጤና ከደስታ ጋር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ጥልቁ እንግባ። ከሥራ በኋላ ማስታወስ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ሲያስታውስ ያሳምራል። ስለዚህ እየሠሩ ሳሉ እጅዎን ልብ ይበሉት። ጭነቱ ሊወዛወዝ ሲል ግራው ነው ቀኙ የሚነቃው? አውራ ጣትዎ ይገፋል ወይስ መዳፍዎ? ትንፋሽዎን ይይዛሉ? በእያንዳንዱ ማንሳት ላይ ራስዎን ይጠይቁና የመለሰልዎትን እንዳለ ይጻፉልኝ። እንደማስቸግርዎት አውቃለሁ።

ባለቤትዎን ስለ ትራሱ ያመስግኑልኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 12

ይድረስ ለጠያቂው ልጄ፤

በያለህበት ሰላም ሁን። ያልከኝን አድርጌያለሁ፤ ሦስት ገጽ ከዚህ ጋር አለልህ። ግራ እጄ ከቀኙ እንደሚቀድም አሁን ገና አወቅሁ። አውራ ጣቴ ይገፋል፣ መዳፌ ደግሞ ይይዛል፤ ጭነቱ መሬት ሊነካ ሲል ትንፋሼን እይዛለሁ። ከገዛ እጄ ጋር በዚህ ዕድሜ መተዋወቄ ይገርማል። ጥሩ እጅ ነው፣ ሥራውን ያውቃል።

ታዲያ መልሱን ሲሰጠኝ ዘገየ። «አሁን ማን ቀደመ?» ብዬ ስጠይቅ ሁለቱም ቆመው የሚያዩኝ ይመስለኛል። ትናንት ጡሩንባ በሬዲዮ «እትዬ፣ ዛሬ ጭነቱ እየደነሰ ነው፤ ሰርግ አለ እንዴ?» አለኝ። ነፋስ ነው አልኩት። ነፋስ ግን አልነበረም።

ለማንኛውም ይለፍ። አንተ በርታልኝ፤ የምትመረቅበትን ቀን ባለቤቴ ከአሁኑ እየጠበቀ ነው፤ ኮት ሊሰፋልህ ልኬትህን ላክልኝ ይላል።

አክስትህ


ታኅሣሥ 6

ለውድ እትዬ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ሳይጓደል ይድረስዎት። ሦስቱ ገጾች ድንቅ ናቸው። ስለ ትንፋሽዎ የጻፉት ክፍል ግን አጭር ሆነብኝ፤ እባክዎ ይጨምሩበት። ጭነቱ «ይደንሳል» ያሉትንም በዝርዝር ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል፤ ለጥናቱ ይጠቅማል።

ልኬቴን በሌላ ወረቀት ልኬያለሁ።

ልጅዎ


ጥር 3

እትዬ፤

ደህና ነዎት? እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ሥራ በዝቶብዎት እንደሆነ እገምታለሁ። መምህሬ ጽሑፉን በቅርቡ ትፈልገዋለች። ሁለት መስመር ብትሆንም ይላኩልኝ።

ልጅዎ


ጥር 15

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትህ። ደብዳቤዎችህ ሁለቱም ደርሰውኛል። ጽሑፉን ስላቋረጥኩብህ ይቅር በለኝ። አሁንም ዛሬ ከሳይቱ በር አጠገብ ተቀምጬ፣ ሰው ቀለል ሲልልኝ ነው የምጽፍልህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈለግሁ። በሌላ ሳይት የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ፤ እሷም ክሬን ላይ ናት። ሥራዋን አሳምራ ትሠራ ነበር። በቅርቡ ግን ጭነቱ አልታዘዝ አላት። ስትከተለው ይቀድማታል፣ ስትጠብቀው ያልፋታል። የፌሮ ብረት እስር ስታሳልፍ ተወዛውዞባት ለሳኞች የቆሙበትን መወጣጫ መታው። ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ግን እጀታውን ስትይዝ እጇ የሰው እጅ ይሆንባታል። እጅ ይረሳል ወይ? አንተ ተምረኸዋልና ንገረኝ። ከረሳስ ይመለሳል?

ለእሷ ነው የምጠይቅህ። ሌላ ሁሉም ሰላም ነው። ባለቤቴ ኮትህን ቆርጦ ጀምሮታል።

አክስትህ


ጥር 28

ለምወድዎት እትዬ፤

ፈጣሪ እስከዚህች ቀን ስላደረሰዎት፣ ያንን ብረትም ከሰው ላይ ስላራቀልዎት አመሰግነዋለሁ። እንግዲህ በሩ ላይ ተቀምጠው በሥራ ሰዓት ደብዳቤ መጻፍ የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው? ሰው ሁሉ የሚያውቅዎት ሰማይ ላይ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ጓደኛዎ እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ እፎይ አልኩ። እፎይ ያልኩበትን አስቀድሜ ልንገርዎት። እጅዎ አልረሳም። ምንም የጠፋ ነገር የለም። ሰው አንድን ሥራ ሲጀምር እያንዳንዷን እርምጃ በሐሳቡ ይቆጥራል፤ ሥራው ሲዋሃደው ግን ሐሳቡ ይለቀውና እጁ በራሱ ይሄዳል። ያን ጊዜ መጥቶ «ማን ቀደመ? አውራ ጣት ነው መዳፍ?» የሚል ካለ፣ አንድ የነበረው ሥራ ተመልሶ እንደ ጀማሪ ሥራ ይበታተናል። ደረጃ ስትወርድ እግሯን ማየት የጀመረች ሴት ትደናቀፋለች እንጂ እግሯ አልታመመም።

ታዲያ መጥቶ የጠየቀው ማን ነው? እኔ ነኝ። «እየሠሩ ሳሉ እጅዎን ልብ ይበሉት» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌልዎታለሁ። የሚያሳፍረኝ ይህን ነገር አለማወቄ አይደለም። አውቀዋለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን እየለካሁ እንጂ እየነካሁ አልመሰለኝም። ሜትር ልብስን ጠባብ አያደርግም ብዬ አሰብኩ፤ የሰው ነገር ግን ስትለካው ይለወጣል። ጭነቱ ደነሰብኝ ብለው ሲጽፉልኝም «በዝርዝር ይግለጹልኝ» ያልኩ ጅል ነኝ።

እርስዎ ደግሞ የደበቁኝ እንዳልከፋ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሁን ሁሉንም ይንገሩኝ። ስለ እጅዎ ግን አንድ ቃል አይጻፉ።

ልጅዎ


የካቲት 11

ልጄ፤

ደብዳቤህን ሄልሜት በማድልበት በር ላይ ሆኜ አነበብኩና ወረቀቱን አጥፌ ቀና አልኩ። ከዚያ ተመልሼ አነበብኩት። «እጅዎ አልረሳም» ያልክበት ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። አንዱ የቀን ሠራተኛ «እትዬ መርዶ ነው?» ቢለኝ «ኧረ የምሥራች ነው» አልኩት። ከዚያ ቀጥሎ ተናደድኩብህ። ከዚያም ንዴቱ አለፈ፤ ፈጣሪ ይባርክህ።

እንግዲህ ስማ። ያን ቀን ፌሮውን አንስቼ ሳዞር «አሁን ግራው ቀደመ» ብዬ ሳስብ ጭነቱ ሄደ። ልከተለው ስል «በአውራ ጣት ነው» አልኩ፤ እጄም ጣቱን ሲፈልግ ቆየ። ለሳኙ ወደ ውስጥ ዘለለ። የአንድ እግር ጫማው ወደ ታች ወርዶ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀበረ፤ እሱ ራሱ ከንጣፉ ላይ ተነስቶ «ጫማዬን መልሱልኝ» እያለ ሲጮህ ነው መትረፉን ያወቅሁት። ጡሩንባ ድምፁ ጠፍቶ ዋለ። መሐንዲሱ አልጮኸብኝም፤ «እትዬ፣ ለጊዜው ይውረዱ» አለኝ። ያ ከጩኸት ይብሳል።

አሁን ከሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ፈታኝ ሊመጣ ነው። ካለፍኩ እመለሳለሁ፤ ከወደቅሁ ፈቃዴ ይነጠቃል። ሌላ ሥራ አልንቅም፤ ሄልሜት ማደልም ሥራ ነው። ግን እኔ ክሬኑን ነው የማውቀው፣ ያንን ነው የምወደው፣ እሱም ሲሄድ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም። የፈተናውን ደንብ ስነግርህ ደግሞ ጉድ ትላለህ። ፈታኙ ካቢን ውስጥ ከኋላዬ ቆሞ፣ እኔ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጌ በፊት ጮክ ብዬ ልነግረው ነው። «አሁን በግራ እጄ ይህን አደርጋለሁ፣ አሁን በቀኝ» እያልኩ። አንተ አንድ ጊዜ በደብዳቤ ያመጣህብኝን እሱ በአካል ይዞት ሊመጣ ነው።

ሰው እገድላለሁ ብዬ እፈራለሁ። ፈተና መውደቁን ከዚያ አስበልጬ አልፈራውም። ምን ትለኛለህ?

አክስትህ


የካቲት 23

ለምወድዎት እትዬ፤

ልብዎ ይረጋጋ፣ ቤትዎ ሰላም ይሁን። ይህን ስጽፍ እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን የምለው አለኝ፣ የምለውንም ከመምህሬ ጋር ተነጋግሬበታለሁ።

ዓይንዎንና ሐሳብዎን ከእጅዎ ላይ ያንሱና ጭነቱ ላይ ያድርጉት። «እጄን አላስብም» ብለው አይታገሉ፤ አላስብም ያሉት ነገር በር ያንኳኳል። ይልቅ የሚያስቡት ሌላ ነገር ይኑርዎት። ጭነቱ አሁን የት ነው? ወዴት ሊሄድ ነው? የት ይቀመጣል? ከዚህ ሌላ ምንም። ወደ እጅዎ የተመለሱ እንደሆነም አይደንግጡ፤ አንድ አጭር ቃል ይያዙና እሷን ብለው ወደ ጭነቱ ይመለሱ። ቃሏን እርስዎ ይምረጡ፣ ለእኔ አይንገሩኝ።

ካቢን እንዳይገቡ ስለተከለከሉ ቤት ይለማመዱ። ውሃ ያለበት ባልዲ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በገመድ አንጠልጥለው ግቢውን ያቋርጡ፤ መሬት ላይ ክብ ሠርተው እዚያ ያሳርፉት። ሰው የማያይዎት ቦታ እንዳይሆን። ጎረቤት ይጥሩ፣ ይሳቁብዎት፣ ከኋላዎ ቆመው ይተንፍሱብዎት። ሰው ፊት የሚፈተን ሰው ሰው ፊት ነው መለማመድ ያለበት። የፈተናው ዕለት ልብዎ ሲመታ ደግሞ «ፈራሁ» አይበሉ፤ ሰውነትዎ ለሥራ መነሳቱ ነው፤ የአምቡላንስ ሹፌሩም እንዲሁ ነው የነገረኝ።

የደንቡን ነገር ሳስበው ፈታኙ የፈለገው የእጅዎን ስም ሳይሆን የሚሆነውን ቀድመው ማየት አለማየትዎን ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመርዎ በፊት በትሕትና ይጠይቁት፤ «እጄን ሳይሆን ጭነቱን እየነገርኩዎት ልሥራ» ይበሉት። እምቢ ካለ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ይህን መዋሸት አልችልም።

ለሌሎቹም ሁሉ ጽፌ ጥያቄዬን አስቁሜያለሁ። ሰዓት ጠጋኙ ደህና ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሰልችቶት ትቶታል። ፀጉር አስተካካዩ ግን የአንድ ደንበኛ ጆሮ ጫር አድርጎ ምክንያቱ ጠፍቶበት ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ልጅዎ


መጋቢት 21

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለመምህርህ፣ ሰላም ለዚያች ለተጫረችው ጆሮ። አልፌያለሁ። አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው፤ ደብዳቤ እያነበቡ ልብ ማንጠልጠል ጥሩ አይደለም። አሁን ተቀመጥና ከሥር ጀምሮ ስማ።

በባልዲው ሰፈሩን አስቄዋለሁ። ባለቤቴ መጋረጃ መስቀያውን ነቅሎ ሰጠኝ። የመጀመሪያ ቀን ውሃው ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አስተማሪ ወንበሯን አውጥታ ከኋላዬ ተቀመጠችና «ግራ ዘመመ! ቀኝ ዘመመ!» እያለች ስታስጨንቀኝ ሰነበተች፤ አደራዋን እንደተወጣች ነው የምትቆጥረው። ጡሩንባም ከሥራ ሲወጣ ይመጣና አጥሩ ላይ ሆኖ ይጮህ ነበር። ቀስ በቀስ ባልዲዋን ብቻ ማየት ለመድኩ። በኋላማ ጎረቤታችን ስታወራ ባልዲዋ ክቡ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ማን እንዳስቀመጣት እንኳ ልብ አላልኩም።

የፈተናው ዕለት ፈታኙ መጣ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መሰላሉን ቀድሜ ወጣሁ። እሱ በጣም ቆይቶ ደረሰ፤ ላብ አጥምቆታል። ልቤ ይደልቅ ነበር። «ለሥራ ተነሳ» አልኩት ልቤን፣ እንዳስተማርከኝ። ከዚያም ወደ ሰውየው ዞሬ «ጌታዬ፣ እጄን ከምነግርዎት ጭነቱን ልንገርዎት፤ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚያደርግ ከመሆኑ በፊት ይሰማሉ» አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ቀድሜ ካወቅሁ ይበቃኛል» አለ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል ወረደ።

የኮንክሪት ባልዲ በምሰሶዎች መካከል አሳልፌ፣ ሕንፃውን ዞሬ፣ መሬት ላይ በኖራ የተሠራ ክብ ውስጥ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ጀመርኩ። «አሁን ይነሳል። አሁን ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ሲዞር ወደ ውጪ ይሸሻል፣ እከተለዋለሁ። ይኸው ሸሸ። ይኸው ቆመ።» ምሰሶዎቹን አለፈ። ሕንፃውን ሊዞር ሲል ግን ፈታኙ ከኋላዬ ወንበሬን ጨብጦ ያዘው፤ ደነገጥኩና ዓይኔ ወደ እጄ ወረደ። እጄን አየሁት። ጭነቱ ወዲያው ተወዛወዘ፣ ያም ቦታ ያው ለሳኞች የሚቆሙበት ቦታ ነው፤ ያን ቀን ግን ባዶ ነበር። ቃሌን አልኩ። ዓይኔ ወደ ባልዲው ተመለሰ። «ወደ ግድግዳው ሊሄድ ነው፣ አይደርስም፤ እደርስበታለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። ደረስኩበትም። ከአናቱ ላይ ስቆም ባልዲው ተንፈራግጦ ዝም አለ። በሬዲዮ የጡሩንባ ትንፋሽ ይሰማኛል። ከዚያ ክቡ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ጭነቱ ስለተወዛወዘብኝ ወድቄያለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ። ቆይቶ ፈታኙ «እትዬ፣ አልፈዋል፤ አሁን ግን እንዴት እንደምወርድ አላውቅም» አለኝ። ለካ ሰውየው ከፍታ አይችልም፤ ወንበሬን የጨበጠው ቁልቁል አይቶ ነው። ይህን ሥራ ከያዘ ወዲህ እንዲህ ከፍ ያለ ክሬን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከእሱ ሥር ሆኜ አንድ በአንድ አወረድኩት። «እግርዎን አይዩ፤ ከፊትዎ ያለውን ብረት ብቻ ይዩ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ብረት ይዩ» እያልኩ። መሬት ሲደርስ እጄን ጨብጦ ቶሎ አልለቀኝም። መሐንዲሱ መጥቶ የካቢኑን ቁልፍ ሰጠኝ። ለሳኙም አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቶ ሳመኝ። ጡሩንባ ድምፁ ተመለሰለት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

እኔም እፎይ አልኩ። ከዚያ አደጋ ጀምሮ የያዝኩትን ትንፋሽ ያን ቀን ለቀቅሁት ብልህ አላጋነንኩም። አንተም ተንፍስ። ተቀይሜህ የነበረው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም አልፏል።

አክስትህ


ሚያዝያ 4

ለምወድዎት እትዬ፤

የደስታ ሰላምታዬ ይድረስዎት፤ ባለቤትዎን፣ ጡሩንባንና ያችን ጡረተኛ አስተማሪ ይሳሙልኝ። «አልፌያለሁ» የሚለውን አንብቤ የቀረውን ለማንበብ መቀመጥ ነበረብኝ። ጎረቤቴ ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ ሳቅሁ፤ ልቅሶም ነበረበት መሰለኝ። ለካ ስንት ወር አንገቴን ደፍቼ ነው የቆየሁት።

መምህሬ የሰበሰብኳቸውን ወረቀቶች በሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረቻቸው፤ የሰውን ሥራ አበላሽቶ የተገኘ ቃል ሥራውን አያሳይም ብላ አንዱንም እንዳልጠቀም ወሰነች። ትክክል ናት። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው፤ ምረቃውም ወደ ሌላ ዓመት ተላልፏል። ኮቱ እስከዚያ እንዳይጠበኝ ባለቤትዎ ትንሽ ሰፋ ያድርጉት። ሳስበው ግን አልከፋኝም። ዓመት ይመለሳል፤ ያ ለሳኝ ግን አይመለስም ነበር፣ እርስዎም እንደዚያው።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጥያቄ የለም። ስለሚሠሩት ነገር የሚጽፉልኝ ደስ ሲልዎት ብቻ ይሁን።

ልጅዎ


ሚያዝያ 19

ልጄ፤

ሰላምታዬ በያለህበት ይድረስህ፤ ኮትህ ሰፍቷል።

ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ በየቀኑ ስወርድ የዋልኩበትን እያነሳሁ እመረምር ነበር። ይህን ጭነት ጥሩ አሳለፍኩ፣ ያኛው ትንሽ ተወዛወዘ፣ እያልኩ። ዛሬ ግን ወርጄ እጄን ታጠብኩ፣ ከጡሩንባ ጋር አውርቼ ተሳሳቅን፣ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ መቀሱን አስቀምጦ «እንዴት ዋልሽ? ምን ስታነሺ ዋልሽ?» አለኝ። ላስብ ሞከርኩ። ብረትም ይሆናል፣ ብሎኬትም ይሆናል። ቀኑን ሙሉ አንስቼ አውርጄ፣ አንዱም ትዝ አላለኝም፤ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሠርቶታል።

ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ደንግጦ ተነሳ። «ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?» አለኝ። እኔም «ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አላስታውስም» አልኩት፤ እሱም ገብቶት አብሮኝ ተቀመጠ።

እግዜር ያክብርህ።

አክስትህ